ሪማፕ ወይስ ዋስትና? የአጎቴ ፒካፕና የጨንቻ ዳገት

ኦቶሞቲቭ መማር አንድ ያልተጻፈ ዕዳ አለው። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ስለ መኪናው ይጠይቃል። ገና አንደኛ ዓመት ፊዚክስ ላይ እያለን እንኳ «ይቺ የምትንጫረር ድምፅ ምንድን ናት?» ያላለን ጎረቤት የለም። ብዙውን ጊዜ ነገሩ ቀላል ነው፤ ወይ የፍሬን ሸራ አልቋል፣ ወይ ዘይት ዘግይቷል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አጎቴ ያመጣብኝ ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። እውነቱን ለመናገር ከማንኛውም የፋይናል ፈተና በላይ አስቦኛል፤ ምክንያቱም ፈተና ላይ ብሳሳት የሚወርደው የኔ ማርክ ነው፣ እዚህ ላይ ግን የሚወርደው የሰው እንጀራ ነው።

አጎቴ የሚኖረው አርባ ምንጭ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግማሹን በቁጠባ ግማሹን በብድር አድርጎ አዲስ ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ ዲዝል ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛ። በሳምንት ሦስት ቀን ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ዱቄት ጭኖ ወደ ጨንቻ ይወጣል፤ ሲመለስ ፖም ይዞ ይወርዳል። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር ከፍታ አካባቢ ተነስታችሁ 2,700 ላይ ነው የምትደርሱት። ዶርዜን ሳታልፉ ገና ሹራብ ያስፈልጋችኋል።

እንግዲህ የአጎቴ ቅሬታ «መኪናዋ ዳገት ላይ ትታፈናለች» የሚል ነበር። ሾፌሩ ደግሞ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ መጣ። አንድ ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ባለሙያ የሞተሩን ኮምፒውተር በላፕቶፕ ከፍቶ፣ ፕሮግራሙን ቀይሮ፣ ሠላሳ የፈረስ ጉልበት እጨምራለሁ፣ ናፍጣም እቀንሳለሁ ብሏል። ዋጋው ሃያ አምስት ሺህ ብር። አጎቴን ያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መኪናዋ የሦስት ዓመት ወይም የመቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና አላት፤ ቀድሞ የሞላው ያበቃል። ያኔ 61,000 ላይ ነበረች። «ኢንጂነሯ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ» አለኝ። ኢንጂነሯ የሚለኝ ሲያሾፍም ሲቸገርም ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ማየት ነበረብኝ። ተቸግሯል።

ወደ ፍርዱ ከመሄዴ በፊት ሪማፕ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ለሌሎች ዲፓርትመንቶች አንባቢያን ባጭሩ ልበል። የዛሬ ዲዝል ሞተር ምን ያህል ናፍጣ፣ መቼ፣ በምን ያህል ግፊት እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ውስጡ ሠንጠረዦች አሉ። ነጂው ነዳጁን ይህን ያህል ከረገጠ፣ ሞተሩ በደቂቃ ይህን ያህል ከዞረ፣ ይህን ያህል ናፍጣ ስጥ የሚሉ። ከነሱ በላይ ደግሞ የገደብ ሠንጠረዦች አሉ። የጉልበት ገደብ፣ የጭስ ገደብ፣ የቱርቦ ግፊት ገደብ፣ የሙቀት ገደብ። ሪማፕ ማለት በአብዛኛው እነዚህን ገደቦች ከፍ ማድረግ ነው። ብዙ ናፍጣ፣ ብዙ አየር፣ ብዙ ጉልበት። አስማት የለበትም፤ ውሸትም አይደለም። ጉልበቱ በእርግጥ ይጨምራል።

ባለሙያውን በስልክ አነጋገርኩት። ቀጣፊ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ አልነበረም። ዋናውን ፕሮግራም ኮፒ አድርጎ እንደሚያስቀምጥ፣ ደንበኛው ካልወደደው እንደሚመልስ ነገረኝ። ክርክሩም የዋዛ አልነበረም። «እህቴ፣ ፋብሪካው አንድ ሞተር ሠርቶ ለአንዱ አገር በዚህ ጉልበት፣ ለሌላው በዚያ ጉልበት ይሸጠዋል። ብረቱ ያው ነው። ሆን ብሎ ያስቀረው ትርፍ አለ፤ እኔ የተቆለፈውን መክፈት ብቻ ነው» አለኝ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። አምራቾች አንድን ሞተር በተለያየ ጉልበት ለተለያየ ገበያ ያቀርባሉ። ትርፍ አቅም እንደሚተዉም ማሽን ዲዛይን የወሰደ ሁሉ ያውቃል።

ጥያቄው ያ ትርፍ ለምን ተተወ የሚለው ነው። የተተወው ለመጥፎ ናፍጣ ነው፣ ለሙቀት ነው፣ ለተደፈነ ፊልትሮ ነው፣ ለከፍታ ነው፣ ከልክ በላይ ለሚጭን ባለንብረት ነው። ይህን ዝርዝር ሳነብ የአጎቴን የሥራ ቀን የማነብ መሰለኝ። ሰውየው ሊሸጥልን ያሰበውን ትርፍ የጨንቻ ዳገት ቀድሞ እየበላው ነው።

ይህን በቁጥር ለማየት ቴርሞዳይናሚክስ ደብተሬን አወጣሁ። ለምሳሌ ያህል ቱርቦው ለሞተሩ 2.2 ባር ፍጹም ግፊት ያለው አየር እንዲሰጥ ተፈልጓል እንበል። ባሕር ጠለል ላይ ከባቢ አየሩ 1 ባር ስለሆነ ቱርቦው 2.2 ጊዜ ማመቅ ይበቃዋል። ጨንቻ ከፍታ ላይ ግን ከባቢ አየሩ 0.73 ባር ገደማ ነው። ያንኑ 2.2 ለማግኘት 3 ጊዜ ማመቅ አለበት። የአየሩ መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ ባሕር ጠለል ላይ አየሩ ከቱርቦው ሲወጣ 126 ዲግሪ፣ ጨንቻ ላይ 175 ዲግሪ ይሆናል። ፕሮግራሙ ምንም ሳይነካ ማለቴ ነው። አሁን ሪማፑ 0.2 ባር ጨመረ እንበል። የማመቂያው መጠን 3.3 ገደማ፣ ሙቀቱ 190 ይደርሳል። ቱርቦዋ ደግሞ ከወትሮው በላይ መሽከርከር አለባት። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ነው ኮምፒውተሩ የከባቢ አየርን ግፊት የሚለካ ሴንሰር ያለው፤ ከፍታ ሲጨምር ቱርቦዋ ከአቅሟ በላይ እንዳትሽከረከር ራሱ ይቀንሳል። አጎቴ «ታፈነች» የሚለው አንዱ ክፍል ይኸው ጥበቃ ነው ማለት ነው። ባለሙያውን «ፋይልህ የከፍታውን ማስተካከያ ይነካል?» ብዬ ጠየቅሁት። ፋይሉን ከውጭ አገር እንደሚያስመጣና ሁሉንም መስመር እንደማያየው በግልጽ ነገረኝ። ግልጽነቱን አከበርኩለት፤ መልሱ ግን አላረካኝም።

እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቶዮታ የሃይሉክሱን ባለ 2.8 ሊትር ሞተር እ.ኤ.አ. በ2020 ከ130 ኪሎዋት ወደ 150 ኪሎዋት ሲያሳድገው ሶፍትዌር ብቻ ቀይሮ አላቆመም፤ ቱርቦውንም ቀይሯል። ሞተሩን የሠራው አካል ራሱ ሃያ ኪሎዋት ለመጨመር ብረት መንካት ካስፈለገው፣ በላፕቶፕ ብቻ የሚመጣው ተመሳሳይ ጭማሪ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሚመጣው ከዕድሜው ነው፤ ከሌላ ቦታ አይደለም።

ወደ ዋስትናው ልመለስ። አጎቴ የዋስትና ደብተሩን በሊብሬው ውስጥ አጣጥፎ ነበር የሚይዘው፤ ያነበበው ግን አልነበረም። (ማናችን አንብበን እናውቃለን?) አብረን አነበብነው። በፋብሪካው ያልተፈቀደ ለውጥ ተደርጎ ጉዳት ቢደርስ ሻጩ ኃላፊ እንደማይሆን በግልጽ ተጽፏል። ኢንተርኔት ላይ ብዙ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ሕግ ነው፤ ማግነሰን ሞስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ። «ሪማፕ ብታስደርግም ዋስትናህን ሊነጥቁህ አይችሉም» እየተባለ ይወራል። ሕጉ የሚለው እንዲያ ሙሉ በሙሉ አይደለም። አምራች «የኔን ፊልትሮ ካልገዛህ ዋስትና የለህም» ብሎ እንዳያስገድድ ይከለክላል፤ ነገር ግን የተደረገው ለውጥ ራሱ ጉዳቱን ካመጣ አምራቹ ላለመክፈል ይችላል። ሪማፕ ተደርጎለት ፒስተኑ የቀለጠ ሞተር ይዞ ሄዶ «የሬዲዮው ዋስትና አልጠፋም» ቢባል ምን ይጠቅማል? ያም ሆነ ይህ እኛ የምንኖረው አርባ ምንጭ ነው። እዚህ የሚገዛን የተፈረመው ውልና የራሳችን ሕግ ነው። በክርክር ጊዜም ቱርቦው የተሰበረው ከፋብሪካ ጉድለት እንጂ ከሪማፑ አይደለም ብሎ ለማስረዳት አጎቴ ምን ማስረጃ ይዞ ይቀርባል? በእጁ የሚኖረው የሃያ አምስት ሺህ ብር ደረሰኝ ነው፤ እሱም ከተሰጠው።

በዚህ መሐል ሾፌሩ ሌላ ሐሳብ አመጣ። «ሪማፑ ይቅር፤ ሳጥኗን እንግጠም» አለ። ሳጥኗ የምትባለው ከናፍጣው ግፊት ሴንሰር ጋር የምትሰካ ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ናት። ለኮምፒውተሩ «ግፊቱ ዝቅ ብሏል» ብላ ትዋሸዋለች፤ እሱም አምኖ ግፊቱን ይጨምራል። የዛሬዎቹ የናፍጣ ሲስተሞች እስከ 2,000 ባርና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ስለሆኑ በዚያ ላይ መዋሸት ለፖምፓውም ለኢንጄክተሮቹም ጤና አይደለም። የሾፌሩ ዋና ነጥብ ግን ቴክኒክ አልነበረም። «ሰርቪስ ልንወስዳት ስንል እንነቅላታለን፣ ማን ያውቃል?» ነው ያለው።

ማን ያውቃል የሚለውን እንደ ተማሪ ልመልስለት ሞከርኩ። ፕሮግራሙ ሲቀየር የማረጋገጫ ቁጥሩ አብሮ ይቀየራል። ብዙ ኮምፒውተሮች ስንት ጊዜ እንደተጻፈባቸውም ይቆጥራሉ። ጄኔራል ሞተርስ ለምሳሌ በዱራማክስ ዲዝል ሞተሮቹ ላይ ከባድ የውስጥ ጉዳት ሲያጋጥም ወኪሎቹ ይህንን ቁጥር ከፋብሪካው ቁጥር ጋር እንዲያመሳክሩ መመሪያ አውጥቷል። ሳጥኗ ይህን ቁጥር አትነካም፤ ቢሆንም ጉዳት ሲደርስ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ያነበባቸውን ልኬቶች መዝግቦ ያስቀራል፣ ያለቀ ኢንጄክተርና የተቃጠለ ፒስተንም ለሚያውቅ ሰው ይናገራሉ። ይህን ሁሉ አብራርቼ ስጨርስ አጎቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጋው። «እኔ ፈርሜ ነው የተቀበልኳት፤ ደብቄ አላስጠግንም። ሪማፕ ካደረግሁ ዋስትናው እንደሌለ ቆጥሬ ነው የማደርገው» አለ። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ራሱ ተቃለለ። ይያዛል ወይስ አይያዝም የሚለው ከሒሳቡ ወጣ፤ የቀረው ምን እናገኛለን፣ ምን እናጣለን የሚለው ብቻ ሆነ።

የምናጣውን ማወቅ ቀላል ነበር። የአራት ኢንጄክተርና የቱርቦ ዋጋ ጠየቅን፤ ከሪማፑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። መኪናዋ ጋራዥ በምትቆምበት ጊዜ ደግሞ ብድሩ አይቆምም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ፣ «ብትበላሽ ሌላ እገዛለሁ» የሚለው ወሬም እንደ ድሮው አይደለም።

የምናገኘውን ለማወቅ ግን ከሾፌሩ ጋር ሁለት ጊዜ ጨንቻ ወጣሁ፤ በእጄ ስልክና ደብተር። እዚህ ላይ ነው የገረመኝ። መኪናዋ ከነጭነቷ 3,000 ኪሎ ናት። 1,400 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገው ሥራ 41 ሜጋጁል ገደማ ነው። ጉዞው 55 ደቂቃ ይፈጃል። አካፍሉት፤ ለማንሳት ብቻ በአማካይ የሚያስፈልገው 12 ኪሎዋት ተኩል እንኳ አይሞላም! ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው። አሥር በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመውጣትም የጎማው ግጭት ተጨምሮ 38 ኪሎዋት ገደማ ይበቃል። ሞተሩ በወረቀት ላይ 110 አለው። ከፍታው ቢቀንሰው ቢቀንሰው ሦስት እጥፍ አይቀንሰውም። ናፍጣ ይቆጥባል የተባለውም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ይይዛል፤ ሞተሩ ከዚያ ውስጥ 35 በመቶውን ወደ ሥራ ቢቀይር፣ ለማንሳት ብቻ 3.3 ሊትር መሄዱ አይቀርም። ይህን ላፕቶፕ አይቀንሰውም።

ታዲያ ምኗ ነው የታፈነው? መልሱን ያገኘሁት ኩርባዎቹ ላይ ነው። ሾፌሩ ኩርባውን በሦስተኛ ማርሽ ይገባና ሞተሩ ከ1,400 ዙር በታች ሲወርድ ነዳጁን ይረግጣል። በዚያ ዙር ቱርቦዋ ገና አልነቃችም። ያለ ቱርቦ ደግሞ በጨንቻ አየር ሞተሩ የሚያገኘው ከባሕር ጠለሉ ሰባ ሁለት በመቶውን ነው። አየር በሌለበት ተጨማሪ ናፍጣ መርጨት ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ሁለተኛ ማርሽ ቢያስገባ ግን ነገሩ ይፈታል። ይህን ለሾፌሩ መንገር ከስሌቱ ሁሉ ይከብድ ነበር፤ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው። በመጨረሻ አጎቴ ራሱ መሪውን ይዞ በሁለተኛ ወጣ፤ ሾፌሩ ጎኑ ተቀምጦ ዝም ብሎ አየ። በመልሱ «እሺ፣ ሁለተኛ ትሻላለች፤ ግን ካምቢዮው ይጮኻል» አለ። እኔም ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም።

ሌላው የአየር ፊልትሮው ነበር። በበጋው አቧራ ተሞልቶ፣ ስናራግፈው አንድ እፍኝ አፈር ወጣው። እሱም የራሱ ሒሳብ አለው። የተደፈነ ፊልትሮ 0.05 ባር ቢያስቀር፣ ቱርቦዋ የምትቀበለው 0.68 ባር ብቻ ይሆናል፤ የማመቂያው መጠን ከ3 ወደ 3.2 ይወጣል። ከሪማፑ ጋር ሊተካከል ትንሽ ነው የቀረው፤ ያውም ያለ ምንም ተጨማሪ ጉልበት። አዲሱ ፊልትሮ የገባው በሰርቪስ ጣቢያው ነው፤ ደብተሩም ላይ ተመዘገበ።

ለፍትሕ ያህል የሪማፑንም ጥቅም በደቂቃ ለካሁት። ከ37ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ ጉልበት ቢኖር መንገዱ ራሱ ፍጥነት የሚፈቅድበት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እዚያ ላይ ከ40 ወደ 50 ብታድግ በአንድ ጉዞ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይተርፋል። በሳምንት ሦስት ጉዞ፣ በዓመት ሃምሳ ሳምንት፤ ተደምሮ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። አጎቴ ወረቀቱን ተቀብሎ አየውና «በዓመት ዘጠኝ ሰዓት? ይህንንማ ቡና ላይ ቁጭ ብዬ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ብሎ ሳቀ።

የመበላሸት ዕድሉ ስንት በመቶ ነው ለሚለው የሚታመን ቁጥር አልነበረኝም፤ ከራሴ ፈጥሬም አልሰጠሁትም። ጥያቄውን ገልብጬ አቀረብኩለት። «ይህ ዘጠኝ ሰዓት ላንተ ስንት ብር ነው? ለኢንጄክተሮቹና ለቱርቦው ዋጋ አካፍለው። የሚወጣው ቁጥር፣ ሪማፑ እንዲያዋጣህ አደጋው ከዚያ በታች መሆን አለበት ማለት ነው» አልኩት። አካፈለው። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። «አንድ በመቶ ማለት ከመቶ አንዷ መኪና ናት አይደል?» አለ። አዎ አልኩት። «የኔ ያቺ አንዷ ብትሆንስ?» አለ፤ እኔም እስታቲስቲክስ መምህራችን ይህንን ጥያቄ እንዴት እንደሚመልሱት እያሰብኩ ዝም አልኩ።

አጎቴ ለባለሙያው ደውሎ ይቅርብኝ አለው፤ ሰውየውም አልተከፋም። «ዋስትናው ሲያልቅ ጋሼ፣ ያኔ እንነጋገራለን» ነው ያለው። ይህ ደግሞ ተገቢ ነጥብ ነው፤ ዋስትናው ሲያበቃ ከሚዛኑ አንዱ ጎን ይነሳል፣ የጨንቻ አየር ግን እዚያው ይቀራል። እንግዲያው ለዚያ ቀን እንዲሆን አጎቴ የጢስ ማውጫውን ሙቀት የሚያነብ መለኪያ እንዲያስገጥም ነገርኩት፤ መጀመሪያ ደብተሩ ይፈቅድ እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቆ። ደብዳቤውን አጽፎኛል፤ ማኅተም ስለሌለው በፊርማው ልኮታል።